የይሉኝታ ሂስ፦ «ዳሊንያሮ» እና የጅቡቲ ከተማ ሦስት ልጃገረዶች

ጅቡቲ በእኛ ወሬ ውስጥ ስትነሣ አብሯት የሚነሣው ወይ ኮንቴይነር ነው፣ ወይ ሙቀት፣ ወይ ጋላፊ ድንበር ላይ የተሰለፈ ከባድ መኪና። ለውጭው ጋዜጠኛ ደግሞ የጦር ሰፈር ናት። ፈረንሳዮች ከቅኝ ግዛቱ ዘመን ጀምሮ ነቅለው አልወጡም፤ አሜሪካኖች ከ2002 ጀምሮ ካምፕ ሌሞኒየር ሰፍረዋል፤ ጃፓኖች በ2011 ተከተሉ፤ ቻይናም የመጀመሪያውን የባሕር ማዶ ጦር ሰፈሯን እዚያው የከፈተችው በነሐሴ 2017 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው በ2017፣ የዓለም ጋዜጦች ስለ ሰፈሮቹ አጥርና ስለ ወደቡ ጥልቀት ሲጽፉ፣ ሉላ አሊ ኢስማኢል የተባለች ጅቡቲ ተወልዳ ካናዳ የኖረች ዳይሬክተር የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሟን ጨረሰች። ፊልሙ ውስጥ ወታደር የለም፣ የባሕር ወንበዴ የለም፣ ረሃብተኛም የለም። ያሉት ለባካሎሬያ ፈተና የሚዘጋጁ ሦስት ሴት ተማሪዎች ናቸው።

ፊልሙ «ዳሊንያሮ» ይባላል። ሶማሊኛ ነው፤ ወጣቶች፣ ወጣትነት ማለት ነው። ቃሉን ሰንጥቆ ለሚያይ ሰው «ዳል» መውለድ፣ «ያር» ትንሽ ነው፤ ገና ከመወለድ ጋር ያለው ንክኪ ያልተበጠሰ፣ ለጋ ማለት። ደካ፣ ሂቦና አስማ ጓደኛሞች ናቸው። አስማ ከድኻ ቤት የወጣች፣ ጨዋ፣ ደብተሯ ላይ ያቀረቀረች፣ ሐኪም መሆን የምትመኝ ልጅ ናት። ሂቦ የሀብታም ልጅ ናት፤ ተሞላቃለች፣ አፏም አያርፍም። ደካ በመካከል አለች፤ ያሳደገቻት ከባሏ የተፋታች እናት ናት፤ እናትየዋም ልጇን ውጭ አገር ልካ ሳታስተምር እንቅልፍ የላትም። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ ከፈተናው በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ መሄድ ወይስ መቅረት? ሰማንያ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ፊልም ዋና ጉዳዩ ይኸው ነው። ሦስቱን የሚጫወቱት አሚና ሞሐመድ አሊ፣ ቱስሞ ሙሑመድ ሞሐመድና ቢላን ሳሚር ሙቡስ ናቸው።

እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ አቀባበሉም ነው። ስለ «ዳሊንያሮ» የተባለውን መለስ ብሎ ለሚያነብ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥመዋል፦ «የመጀመሪያ»። የመጀመሪያው በጅቡቲያዊት ሴት የተሠራ ሙሉ ፊልም። አንዳንዱ «ሴት» የሚለውን ይዘልና የመጀመሪያው የጅቡቲ ፊልም ያደርገዋል። ዳይሬክተሯም «የጅቡቲ ሲኒማ ቀዳማዊት እመቤት» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። በ2019 ኒው ዮርክ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ሲታይ የተሰጠው መግለጫ የሴት ልጆችን ጓደኝነት የሚተርክ መንፈስ አዳሽ ታሪክ፣ ጅቡቲ ከተማንም በአዲስ ዓይን የሚያሳይ አድርጎ አቀረበው። ውሸት የለበትም። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ፊልሙን ሳያዩም ሊባል የሚችል ነው። የዳይሬክተሯን ፓስፖርትና የታሪኩን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ ያነበበ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ፊልሙ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ተነበበ ማለት ነው፤ ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ፣ ማኅተም።

«የመጀመሪያ» ራሱ የሚያስተማምን ቃል አይደለም። የጅቡቲን ሲኒማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በ1972፣ አገሩ ገና የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በሶማሊኛ የተሠራውን «ቡርታ ጂንካ»ን ያነሣሉ። ዳይሬክተሩ ጂ. ቦርግ የሚባል ነው። ነጻነት የመጣው በ1977 ነውና ያ ፊልም የማን ይባል? የእኛም ቤት ከዚህ ክርክር ነጻ አይደለም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሙሉ ፊልም ሲባል በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» ይጠራል፤ ገንዘቡን ያወጡት አቶ ኢላላ ኢብሳ፣ ያዘጋጀው ደግሞ ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪክ ነው። መጀመሪያነት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጠጋ ሲሉት ይሸራረፋል። በዚህ ላይ ፊልሙን የማይመለከት አንድ ነገር ያደርጋል፦ ተቺውን ከሥራው ያሳርፈዋል። ለበኩር ልጅ ዕልልታ እንጂ ሂስ አይቀርብማ። «የሕፃኑ አፍንጫ ደፍጠጥ አላለም?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከቤት ይባረራል።

ይህን ዓይነቱን ትችት የይሉኝታ ሂስ ብዬ ልጥራው። ይሉኝታ ክፉ ጠባይ አይደለም፤ ሰው በሰው መካከል የሚኖርበት ዘዴ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ የሚገባን ወይ ለምንፈራው ነው፣ ወይ ለምናዝንለት። የፓሪስ ወይም የኒው ዮርክ ተቺ ሉላን እንደማይፈራት ግልጽ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ማዘን ነው፤ ማዘን ደግሞ ለአንድ የጥበብ ሥራ የሚሰጥ ትልቅ ክብር አይመስለኝም።

ተቺው ጅቡቲን ያወቀው በምን በኩል እንደሆነ ካላየን ግን ይህን ርኅራኄ አንረዳውም። በፊልም ዓለም ጅቡቲን ያሳወቀው የክሌር ዴኒ «ቦ ትራቫይ» ነው፤ በ1999 የወጣ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዞች መጽሔት በ2022 ተቺዎችን ሰብስቦ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ሲያስመርጥ ሰባተኛ ሆኖ ወጥቷል። የሚያስደንቅ ፊልም ነው፤ ይህን የምለው ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ወታደሮች በጨው ሜዳና በጥቁር ድንጋይ መካከል ግማሽ ራቁታቸውን ይለማመዳሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ካኪያቸውን ይተኩሳሉ፤ ካሜራው የጀርባቸውን ጡንቻ እንደ መልክዓ ምድር ያያል። ከተማዋ የምትገባው ማታ ነው፤ ጭፈራ ቤት ሆና። ሴቶቿ በዚያ ጨለማ ውስጥ ይደንሳሉ፤ የመብራቱ ቀለም ፊታቸው ላይ ያልፋል፣ እንደገና ይመጣል። ከእነሱ አንዷ የበታች ሹሙ የጋሉ ወዳጅ ናት፤ ስሟ ራሔል፤ የምትጫወታትም ማርታ ታፈሰ ካሣ። አማርኛ አንባቢ የሆነ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ሲያይ ሳይቆም ማለፍ የሚችል አይመስለኝም። ራሔል ትደንሳለች፣ ትስቃለች፣ ትተኛለች። ያን ሁሉ በትረካ የሚናገረው ጋሉ ነው፤ ማስታወሻውን ማርሴይ ተቀምጦ የሚጽፈው እሱ ነውና። ስለ ፊልሙ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ከሜልቪል ልብ ወለድ ጋር ያለው ዝምድና፣ የወንድ ገላ፣ ያ የመጨረሻው ዳንስ። ራሔል ጠዋት ስትነሣ ወዴት ትሄዳለች የሚል ግን ብዙ ሰው አላሳሰበውም።

እንግዲህ «ዳሊንያሮ» የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሃያ ዓመት ያህል የፊልም ወግ ጅቡቲያዊት ሴትን የመብራት ማለፊያ አድርጓት ከኖረ በኋላ፣ ሦስት ልጃገረዶች ቀን በቀን፣ በትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ እያደባለቁ ሲያወሩ ማየት በርግጥ አዲስ ነው። «አዲስ ዓይን» ያሉት አልተሳሳቱም። ስሕተቱ እዚያ ላይ መቆማቸው ነው። አዲስነቱ ለነሱ ነው፤ ለጅቡቲ ሰው ሴት ተማሪ ቦርሳ ይዛ ስትሄድ ማየት ምኑ አዲስ ነው? አንድ ፊልም በገዛ ከተማው ተራ የሆነውን ስላሳየ ብቻ ከተመሰገነ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ምስጋናው ራሱ ያጋልጣል።

ተቺዎቹ ያለፉት ትልቁ ነገር ሌላ ነው ባይ ነኝ። የወጣት ፊልም፣ በተለይ የትንሽ ከተማ የወጣት ፊልም፣ በመላው ዓለም አንድ የታወቀ መንገድ አለው። ከተማዋ ትጠባለች፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ቤተሰብ ይይዛል፤ ልጁ ወይም ልጅቷ ማምለጥ ትፈልጋለች፤ መጨረሻ ላይ አውቶቡስ ይመጣል። ጅቡቲም ለዚህ የምትመች ናት። የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይዘልም፤ አብዛኛው የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው፤ ከሀገር መሪ እስከ ጉልት ነጋዴ የማን ዘር መሆኑ ይታወቃል። «ዳሊንያሮ» ግን መንገዱን ገልብጦታል። ሂጂ የምትለው እናት ናት፤ የምታመነታው ልጅ። ቤተሰብ የሚይዝ ኃይል መሆኑ ቀርቶ የሚገፋ ኃይል ሆኗል። ደካ ጎበዝ ናት፣ ቁልፍም በእጇ አለ፤ ግን በሩን ለመክፈት አልቸኮለችም። ያደገችበት ቤት፣ ሁለቱ ጓደኞቿ፣ ባሕሩ፣ ያ ሁሉ ሙቀት የእሷ ነው። ይህ የድራማ ጉድለት አይደለም፤ ድራማው ራሱ ነው።

ማመንታቷ ከየት መጣ ቢባል ከታሪክ ነው። ጅቡቲ የራሷ ዩኒቨርሲቲ የኖራት በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት በ2000 የተከፈተ አነስ ያለ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ነበር። ከዚያ ቀደም ባካሎሬያውን ያለፈ ልጅ መማር ከፈለገ መውጣት ነበረበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ። «ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ «ልሂድ ወይስ ልተወው» ነበር። የደካ እናት የዚያ ዘመን ሰው ናት፤ ውጭ መማር ለሷ ትምህርት ማለት ነው፣ ሁለተኛ ትርጉም የለውም። ለልጇ ግን ሁለት ትርጉም አለው። እናትና ልጅ እየተጣሉ ያሉት ስለ ፍቅርም ስለ ገንዘብም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለተከፈተ ነው። ዳይሬክተሯ ራሷ ወደ ካናዳ የሄደች፣ እዚያም በትወና የጀመረች ሰው ናት። የሄደ ሰው ስለሚያመነታ ልጅ ፊልም ሲሠራ ቀላል ነገር አይደለም። ግማሽ ጸጸት፣ ግማሽ መከራከሪያ ይሆናል። ይህን ሁሉ «ለአካለ መጠን የመድረስ ታሪክ» በሚል ቋጠሮ ውስጥ ከትቶ ማለፍ የለመደ እጅ ሥራ ነው።

እስቲ ደግሞ ይሉኝታውን ትተን ጉድለቱን እንናገር፤ ለፊልሙ የሚገባው ይኸው ነውና። ሦስት ልጆች፣ ሦስት መደብ። ድኻዋ ታታሪና ቁጥብ፣ ሀብታሟ ልቅና ሞልቃቃ፣ መካከለኛዋ ወላዋይ። ይህ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዥ ደግሞ ለመጽሐፍ እንጂ ለሰው አይሆንም። ድኻዋ ለምን ሞልቃቃ፣ ሀብታሟስ ለምን ቁጥብ አልሆነችም? አስማ ጎበዝ የሆነችው ድኻ ስለሆነች ነው የሚለው ሐሳብ እኛም ዘንድ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል የሚሰማ ነው። ፊልሙ ልጆቹን አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ሰንጠረዡ ይረሳል፤ ሲስቁ፣ ሲነካኩ፣ አንዷ የሌላዋን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቋንቋ ስትጨርስ መደባቸው ከትከሻቸው ይወርዳል። ሲለያዩና እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ሲገቡ ግን ሰንጠረዡ ተመልሶ ይመጣል። ከ2011ዱ አጭር ፊልሟ ከ«ላን» ጀምሮ ሉላ የተካነችበት ይኸው ነው፤ ያም የሴት ጓደኛሞች ታሪክ ነበር። እሷ የምታውቀው የሦስት ሰው ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲቀር ካሜራዋ ምን እንደሚያደርግ ገና አልወሰነም።

የቋንቋው ነገር ሌላ ጥያቄ ነው። ፈረንሳይኛ የክፍልና የተስፋ፣ ሶማሊኛ የቤትና የሳቅ ቋንቋ ሆነው ይጫወታሉ፤ ይህ ለፊልሙ ትልቅ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ጅቡቲ አፋርኛም፣ ዓረብኛም፣ በየሱቁና በየጓዳው አማርኛም የሚሰማባት ከተማ ናት። አንድ ፊልም ሁሉን መያዝ አለበት አልልም። «የጅቡቲ ፊልም» ብሎ ሙሉ ውክልና የሰጠው ተቺ ግን ቢያንስ ስንት ጆሮ ይዞ እንደተቀመጠ ራሱን መጠየቅ ነበረበት።

ለመሆኑ «ዳሊንያሮ» ለምን በዝግታ ተቀበሉት? ጎረቤቶቹን እንይ። በ2018 የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ»ን አወጣች፤ ለካን ፌስቲቫል የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል እዚህም አለ። ሁለት ሴት ወጣቶች የሚዋደዱበት በመሆኑ የአገሩ የፊልም ቦርድ አገደው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ሲያነሣ ናይሮቢ ውስጥ ትኬቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ «ራፊኪ» የተጻፈው አብዛኛው ስለ እገዳው ነው። በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ በጠለፋ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። (መታዘብ ለሚወድ ሰው፦ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው ፊልም ባለታሪክ ሂሩት ናት፤ የ«ድፍረት»ም ልጅ ሂሩት ናት። በመካከላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። ሂሩት የምትባል ልጅ በእኛ ፊልም ውስጥ ምንም ሳትሆን፣ እንዲሁ ስትሰለችና ስትስቅ የምትታየው መቼ ይሆን?) በ2021 ደግሞ ሞቃዲሾ ተወልዶ ፊንላንድ የኖረው ኻዳር አይደሩስ አሕመድ እዚያው ጅቡቲ የቀረፀውን «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት»ን አወጣ። ጉሌድ ሆስፒታል ደጃፍ አካፋውን ይዞ ሬሳ ይጠብቃል፤ የሚስቱ የናስራ ኩላሊት ታሟል፤ ማሳከሚያ የለውም። ካን የተቺዎች ሳምንት ገባ፣ በዚያው ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ያምራል፤ ፍቅሩም የልብ ነው።

ግን እነዚህን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። እገዳ፣ ጠለፋ፣ ሬሳ። ከአፍሪካ ቀንድና ከጎረቤቱ የሚነሣ ፊልም ፈጥኖ የሚሻገረው አንድ የሚያዝ ጉዳት ሲኖረው ነው፤ ተቺው የሚጨብጠው እጀታ ይሆንለታል። «ዳሊንያሮ» እጀታ የለውም። ማንም አላገደውም፣ ማንም አልተጠለፈበትም። እንዲህ ያለውን ፊልም ለማንሣት በሁለት እጅ ማቀፍ ያስፈልጋል፤ ማለት የትዕይንቱን አቀማመጥ፣ የንግግሩን ፍጥነት፣ የትወናውን ልክ ማየት። ያ ሥራ ነው። «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል የጎደለውን እጀታ ተክቶ ገባ።

የውጭውን ተቺ ይህን ያህል ከወቀስኩ የራሳችንን ወንበር ልዘለው አልችልም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያስተምራል?» ነው። ፊልሞቻችንንም የምንመድበው በዚሁ መንፈስ ነው፤ የፍቅር፣ አስቂኝ የፍቅር፣ ልብ አንጠልጣይ እያልን የሚሰጠንን ስሜት አስቀድመን እንሰይማለን፤ ከሥር ደግሞ መልእክት እንጠብቃለን። በዚህ ሚዛን «ዳሊንያሮ» ቢቀርብ ምን ይወጣለት ነበር? ልጅቷ ብትሄድ «ለስደት ያበረታታል»፣ ብትቀር «ተስፋ ያስቆርጣል» መባሉ አይቀርም። የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች፣ ለአዋቂ ምሳሌ ሳይሆኑ፣ በራሳቸው ጉዳይ የሚውሉበት ፊልም የምናስቀምጥበት መደርደሪያ የለንም። የውጭው ተቺ ፊልሙን መስኮት እንዲሆንለት ጠየቀ፤ እኛ ብንሆን መምህር እንዲሆንልን እንጠይቅ ነበር። ሁለታችንም ፊልም እንዲሆን አልጠየቅንም።

ተሾመ ገብርኤል እዚህ ላይ ቢኖር ምን ይል ነበር ብዬ አስባለሁ። ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ2010 ያረፈው ይህ የፊልም ሊቅ በ1982 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። የሦስተኛውን ዓለም ፊልም ጉዞ ኋላ ላይ በሦስት ምዕራፍ ከፍሎት ነበር፦ የሆሊውድን መንገድ ዝም ብሎ የመቅዳት፣ ወደ ራስ ባህልና ትዝታ የመመለስ፣ ከዚያም የመታገል። «ዳሊንያሮ» ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? በቅርጹ የተለመደውን የወጣት ፊልም ይቀዳል፤ ወደ ገጠርና ወደ አያት ትዝታ ግን አይመለስም፤ ሰልፍም አይወጣም። ክፍፍሉ አርጅቷል ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ፊልሙ ያልተጻፈ አራተኛ ምዕራፍ እየነካ ነው ባይ ነኝ፤ በራስ ከተማ ውስጥ ተራ ሰው ሆኖ የመታየት ምዕራፍ። ተሾመ የሲኒማ ነጻነት ይላት የነበረው ነገር አንዳንዴ ይህችው ትሆናለች። የእኛ ምሁራን ግን ገና ወደዚያ አልዞሩም። በ2018 በማይክል ቶማስ፣ በአሌሳንድሮ የድሎውስኪና በአቦነህ አሻግሬ አዘጋጅነት የታተመው «ሲኒ-ኢትዮጵያ» ንዑስ ርዕሱ ላይ የአፍሪካ ቀንድን ይጠራል፤ ሆዱ ግን ኢትዮጵያ ነው። በጣም ጠቃሚ መጽሐፍ ነው፤ የባቡሩ ሐዲድ ጅቡቲ ቢደርስም ሂሳችን ድሬዳዋ ላይ እንደሚወርድ ግን ያሳያል።

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ብቻዬን አልነበረም። ጅቡቲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች አክስት አለችኝ፤ እሑድ ከሰዓት ቤቷ ሄጄ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ከፈትኩላት። ሶማሊኛው አልጠፋትም፤ እኔ የግርጌውን ጽሑፍ ሳነብ እሷ ቀድማኝ ትስቃለች። የሂቦን ቤት ስታይ ግን ሳቋ ቆመ።

«ይሄን ሁሉ ወለል ማን ነው የሚወለውለው?» አለች።

«ታሪኩ ስለሱ አይደለም፣ እትዬ» አልኳት።

«እሱማ መች ይሆናል።»

ያቺ አጭር መልስ ካነበብኩት ሁሉ ሂስ ይልቅ አሳስባኛለች። ፊልሙ የሦስት መደብ ልጆችን አንድ ላይ አመጣ ተብሎ ተመስግኗል። ከሦስቱ በታች ግን አራተኛ አለ፤ ከተማዋ ውስጥ በየቤቱ የሚያገለግሉ፣ ብዙዎቹ ከእኛ አገር በጋላፊም በደወሌም የተሻገሩ፣ አንዳንዶቹም ከደካና ከአስማ በዕድሜ የማይበልጡ ልጃገረዶች። ራሔል በ«ቦ ትራቫይ» ጭፈራ ቤት ነበረች፤ እነዚህ ደግሞ ጓዳ ናቸው። አንድ ዳይሬክተር የሁሉንም ታሪክ መናገር የለባትም፤ ሉላ ስለ ጓደኛሞቿ ፊልም የመሥራት ሙሉ መብት አላት። የአማርኛ ሂስ ግን ወደዚህ ፊልም ይዞት የሚመጣ አንድ የራሱ ዓይን ካለ ይኸው የአክስቴ ነው፤ ወለሉን የሚያይ ዓይን። ለሷ ጅቡቲ የምትወጣባት ሳትሆን የምትገባባት አገር ነበረች። ደካ ልሂድ ወይስ ልቅር ስትል የአክስቴ ጥያቄ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድንበር ላይ ተመልሶ ነበር።

የሚገርመው ግን ተቀይማ አልተነሣችም። በእናትየዋ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ ገባች። ደካ ባመነታች ቁጥር «አይ አንቺ ልጅ» ትላለች። የማመንታቱ ውበት ነው ብዬ ከላይ ያን ሁሉ የጻፍኩለትን ነገር እሷ እንደ ጥጋብ ነው ያየችው። ልከራከራት ሞከርኩ፤ እዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ልጅቷ ምርጫ አላት አልኳት።

«ምርጫ ካላት ለምን ታለቅሳለች?» አለችና ቡናው ሊገነፍል ስለሆነ ብድግ አለች።

ከጓዳ ስትመለስ የፊልሙ ስም ዝርዝር እየወጣ ነበር። ስኒውን ከረከቦቱ ላይ አንሥታ ሰጠችኝና ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እና፣ ሄደች?» ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩትና አሥር ደቂቃ ወደኋላ መለስኩላት።